ለአንድ አዳር የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ሰፈር፣ ቂርቆስ፣ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ከእኔ ቤት ወደ ዋናው አስፋልት የሚያወጣው አቋራጭ በእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን በእትዬ አስካለ ግቢ ገብቶ በቀጥታ የወጣ ሰው እስካሁን አልተገኘም። «ቤቶች፣ ልለፍ ነው» ትላላችሁ። ከጓዳ «ምን አድርገንህ ነው ሳትገባ የምታልፈው?» የሚል የተቆጣ ድምፅ ይመጣል። ትገባላችሁ። ያልራባችሁን ትበላላችሁ፣ የማታውቁትን ሰው ሕመም ከነመድኃኒቱ ትሰማላችሁ፣ «ምነው፣ አልጣመህም እንዴ?» ተብላችሁ ትወቀሳላችሁ። ስትወጡ የምትሄዱበት ቢሮ ለምሳ ተዘግቷል። በእኛ ሰፈር መግባት ወግ ነው፤ ማለፍ ግን ንቀት ነው።

ታዲያ እንዲህ ባለ ሰፈር ያደገ ሰው፣ «ኧረ አልገባም፣ ልለፍ ብቻ» እያለ የሚለምንበት፣ «የለም፣ አንተ ልታልፍ ሳይሆን ልትገባ ነው» ተብሎ የሚጠረጠርበት አገር አለ ቢሉት እንዴት ይመን? እኔም አላመንኩም ነበር። ማለቴ፣ ትራንዚት ቪዛ የሚባለው ነገር እስኪገጥመኝ ድረስ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ይህን ስል ሰው ዓለምን የዞርኩ ይመስለዋል። ዓለምን የማዞረው ግን እኔ ነኝ፤ ያውም ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋን፣ አንድ በኩል የተቦደሰችውን የትምህርት ቤታችንን ሉል። ለዓመታት ስለ ውቅያኖስ አስተምሬአለሁ። ማዕበል እንዴት እንደሚነሳ፣ ከዳርቻው ሲደርስ ለምን እንደሚሰበር በጠመኔ እየሳልኩ አስረድቻለሁ። ባህር ግን አይቼ አላውቅም። ላንጋኖን አይቻለሁ፤ ሐዋሳን አይቻለሁ። ሐይቅ ግን ምን ቢሰፋ ማዶው ይታያል። እኔ የምፈልገው ማዶ የሌለውን ውሃ ነበር። ሰው ሁሉ «ባህር ማዶ» ሲል የሚጓጓው ለማዶው ነው፤ እኔ ግን ስጓጓ የኖርኩት ለባህሩ ነው።

ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ አይደለም። አገራችን ባህር በነበራት ጊዜ እኔ መሄጃ አልነበረኝም፤ እኔ መሄጃ ሳገኝ ባህሩ ከካርታችን ወጥቷል። ተማሪ ፊት ቆሜ «ማዕበል» ባልኩ ቁጥር ግን ያላየሁትን የምመሰክር ሐሰተኛ ምስክር የሆንኩ ይመስለኝና ውስጤን ቅር ይለዋል። ይህ ቅሬታ ሳልገላገለው ጡረታ እንዳልወጣ እፈራ ነበር።

እንዲህ እያለ፣ ከሚሊኒየሙ ማግስት በአንዱ ዓመት፣ ጉድ ፈላ። ከተማሪዎቼ ጋር ከጭቃና ከካርቶን የሠራነውን የኢትዮጵያ ተራሮችና ቆላዎች ካርታ አንድ እንግዳ ፎቶ አንስቶ ሄዶ ነበር። ፎቶዋ ከእኔ ቀድማ ዓለምን ዞረችና ብራዚል ደረሰች። የጂኦግራፊ አስተማሪዎች ስብሰባ አለ፣ ናልን፣ ወጪህን እንችላለን ተባልኩ። ከተማዋን ሉሏ ላይ ፈለግኳት። ጫፍ ላይ ናት! አንድ ጣት ወደ ቀኝ ብትሉ ውቅያኖስ ውስጥ ናችሁ! አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ዘለልኩ፤ የሒሳቡ አስተማሪ ጊንጥ አይተህ ነው ወይ ብሎ ወንበር ላይ ወጣ።

ብራዚሎቹ ቪዛውን ወዲያው ሰጡኝ፤ እንዲያውም ስለ ኳስ ካወራን በኋላ ሳይሰጡኝ ብሄድ የሚቀየሙ መሰሉ። መከራው የመጣው ቲኬት ስቆርጥ ነው። የጉዞ ወኪሏ ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና አውሮፕላኑ አንድ የአውሮፓ ከተማ ላይ እንደሚያሳድረኝ፣ ስመለስም እንደዚያው እንደሆነ፣ ለዚህም የዚያ አገር የመተላለፊያ ቪዛ እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። የአገሩን ስም አልጠራም። አንደኛ ጨዋ ነኝ፤ ሁለተኛ ደግሞ ወደፊትም ላልፍባቸው እችላለሁ።

ነገሩን አሰላስሉት እስቲ። የምሄድበት አገር «ና» ብሎኛል። የምነሳበት አገር «ሂድ» ብሎኛል። በመካከል ያለው፣ ልጠይቀው ያላሰብኩት፣ ስሙን እንኳ በመንገዴ ላይ በመገኘቱ ብቻ ያነሳሁት አገር ግን «ቆይ፣ ማን ነህ?» አለኝ። ባህሬ ከዚህ አገር ደጃፍ ማዶ ቆሞ እያየኝ ነው። እነሱ እምቢ ካሉ ስብሰባውም ባህሩም ቀረ ማለት ነው።

ኤምባሲው ካዛንቺስ ውስጥ ነው፤ አንድ ወገኑ በቆርቆሮ የተከለሉ የድሮ ቤቶች፣ ሌላው ወገኑ ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚያጠፋ መስታወት ለባሽ ፎቅ። የሒሳቡን አስተማሪ ኮት ተውሼ ገባሁ። እጅጌው ጣቶቼን ስለሸፈነ የጣት አሻራ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እጄን ፈልጌ ማውጣት ነበረብኝ።

መስኮቱ ጋ ሜሮን የምትባል ያገራችን ልጅ ተቀምጣ ትተረጉማለች። ከጎኗ ቆንስሉ አለ፤ ፂሙ ገና በቅጡ ያልሞላ፣ ግን በጣም ቁም ነገረኛ የሆነ ወጣት። ሚስት እንዳለኝ ጠየቀ። የለኝም አልኩ። ልጆችስ አለ። ሰባ አሉኝ አልኩ። ሜሮን ከአፏ አምልጧት እንዳለ ስትተረጉመው ቆንስሉ ብዕሩን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ተማሪዎቼ መሆናቸውን ስታስረዳው አክብሮቱ ወዲያው ጠፋ። የራስህ ቤት አለህ ወይ አለ። የቀበሌ ነው አልኩ። መኪና? የለም። እንደምትመለስ ምን ማስረጃ አለህ ሲለኝ ደግሞ፣ ያላረምኩት የተማሪዎች ፈተና እስከ ጣሪያ ተከምሮ ይጠብቀኛል አልኩት። አሁን ሳስበው ይህ ለመመለስ ሳይሆን ለመጥፋት የሚበቃ ምክንያት ነው፤ እሱም እንደዚያ የተረዳው መሰለኝ።

አንድ አዳር ብቻ ነው ብዬ ተማጸንኩ። አልጋ እንኳ አልፈልግም፣ ከፈቀዳችሁ ቆሜ አድራለሁ አልኩ። ሜሮን ይህን አልተረጉምም አለች። በመጨረሻ ቆንስሉ ጨክኖ እምቢ አላለም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ፣ ስትመጣ ግን እዚህ አገር በእርግጥ የሚጠብቅህ ሰው እንዳለ የሚያሳምን ማስረጃ ይዘህ ና አለኝ።

ቂርቆስ ስደርስ፣ መቼም አቋራጩን ይዤ ነው፣ እትዬ አስካለ ግቢ ተያዝኩ። ፊቴን አይተው ማን ሞተ አሉኝ። ተረኩላቸው። ጋሽ መንገሻም እዚያው ነበሩ። ጋሽ መንገሻ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ግድግዳ ሲገፋ፣ የአንዱ ዶሮ የሌላውን ጎመን ሲጭር የሚጠሩ፣ እምቢታ የሚባለው ነገር «ገና ነው» ማለት እንደሆነ የሚያምኑ ሰው። የሚጠብቅ ሰው አምጣ መባሌን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«የሚጠብቅህ ሰው ነው ያሉት? ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» አሉ።

እኔ ማስረጃ ሲባል ወረቀት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ወረቀት ሊዋሽ እንደሚችል፣ ሰው ግን ዓይን ለዓይን እየተያየ ለመዋሸት እንደሚቸገር ነገሩኝ። እትዬ አስካለም፣ ይሄ እኮ ሽማግሌ የሚላክበት ጉዳይ ነው አሉ። ተስማሙ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሐጂ ሱልጣን ተጠሩ። ከሰፈራችን መግቢያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ የከፋውን ደንበኛ ሳይቀር አሥቀው የሚሸኙ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ባላምባራስ ሆኑ። ባላምባራስ በጣም አርጅተዋል፤ በሽምግልና ላይ አንድም ቃል ሲናገሩ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። የሚወሰዱት ለግርማ ሞገስ ነው። በዚህ ላይ ቁመታቸው ከበር ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። እነዚሁ ሦስት ሰዎች ከዚያ በፊት ለእኔ ሚስት ሊጠይቁ ሰንጋ ተራ ሄደው ነበር። የልጅቷ አባት በክብር ተቀብሎ፣ በክብር አስተናግዶ፣ በክብር ሸኝቷቸዋል፤ ልጅቷን ግን አልሰጠም። ጋሽ መንገሻ እስከ ዛሬ «ጉዳዩ በእንጥልጥል ላይ ነው» ይላሉ። ልጅቷ ሌላ አግብታ ሁለት ወልዳለች። ስለዚህ ሽምግልናቸውን ብፈራ አትፍረዱብኝ። ይህ ኤምባሲ ነው፣ የሰው ደጅ አይደለም ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ተከራከርኩ። ጋሽ መንገሻ በጣም በእርጋታ፣ ውስጥ ያለው ሰው አይደለም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የቀጠሮዬ ቀን ደረሰ። ሽማግሌ መሄድ ያለበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው ብለው በማለዳ አስነሱኝ። ጋሽ መንገሻ ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ ሐጂ ሱልጣን ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰዋል፤ ባላምባራስ ከዘራቸውን ይዘዋል። ለገሃር ላይ የካዛንቺስ ታክሲ ያዝን። ወያላው ገና ሲያያቸው ገባው። «ፋዘር፣ ይቅናችሁ! በቃ ዛሬ ሰርግ ነው!» ብሎ ጋቢና የነበረውን ጎረምሳ አስወርዶ ባላምባራስን አስቀመጠ። ታክሲው በሙሉ ሞቅ አለ። አንዲት ሴትዮ የየት ሰፈር ልጅ ናት ብለው ጠየቁ። ሐጂ ሱልጣን አላቅማሙም፤ «የውጭ ናት» አሉ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ተገረሙ። ስንወርድ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

የኤምባሲው ጥበቃ ያለ ቀጠሮ ዝንብ አያስገባም። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ግን ቆቡን አወለቀ። ከዘራ ይዞ መግባት ክልክል ነበር፤ ከባላምባራስ እጅ ከዘራ የሚቀበል የሐበሻ ልጅ ግን ገና አልተወለደም። ገባን።

አዳራሹ ውስጥ ሰው በረድፍ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ሄደው መሐል ላይ ቆሙ። አንድ ወጣት ቦታውን ለቀቀላቸው፤ አመሰግናለሁ ልጄ፣ አንቀመጥም አሉት ጋሽ መንገሻ። ሌላዋ ተነሳች፤ አንቀመጥም። ለሽምግልና የሄደ ሰው የመጣበት ሳይፈጸምለት እንደማይቀመጥ እናንተም ታውቃላችሁ። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ እሱ የሚቀመጥ ማን ነው? ወጣቱ ቆሞ ቀረ። ልጅቷም ቆመች። ከጎናቸው ያሉትም ተሸማቅቀው ተነሱ። አንድ ነጋዴ ቦርሳውን አቅፎ ተነሳ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ብትከለከልም ወገቧን ይዛ ተነሳች። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። ሁሉም ወደ መስኮቱ ያያል።

ቆንስሉ ቀና ሲል ይህን አየ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ሥራ ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ቆይታችሁ ቀና ስትሉ ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ፣ ዝም ብሎ እያያችሁ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። አድማ ነው ወይ ብሎ ሜሮንን ጠየቃት። ሜሮን ሽማግሌዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ለሰውየው ምን ብላ እንዳስረዳችው አላውቅም፤ በጣም ብዙ አወራች፣ በመሐል ጣቷ ላይ ቀለበት የማጥለቅ ምልክት ስታሳይ አይቻለሁ፤ ቆንስሉ ይበልጥ ግራ ተጋባ። ብቻ በሩን ከፍቶ ወደ እኛ ወጣ።

ጋሽ መንገሻ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ወደ ሜሮን ዘንበል ብለው «ልጄ፣ አባቱን ጥሪልን» አሏት።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሜሮን እንደ ምንም ብላ፣ እዚህ ያለው ወሳኝ ሰው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ መንገሻ ከሐጂ ሱልጣን ጋር ተያዩ። አባት ከሌለ ታላቅ ወንድምም ያስጨርሳል ብለው ተስማሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ንግግሩን ሙሉውን ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ እንዲያ ያለ አማርኛ ለቪዛ የቀረበበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። የመጣነው ለበጎ ነው ብለው ጀመሩ። ልጃችን መንገዳችሁን ወዷል፣ አንድ ሌሊት እናንተ ዘንድ አድሮ ጠዋት መንገዱን ይቀጥላል፣ ቤታችሁን አይመኝም አሉ። ሃይማኖተኛ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ አይጠጣም አሉ። ሐጂ ሱልጣን የማያምኑበትን የማይናገሩ ሰው ስለሆኑ «ብዙ አይጠጣም» ብለው አረሙ። ከዚያ ጋሽ መንገሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህ ልጅ የሰው ልጅ ሲያስተምር የኖረ ነው፣ የራሱ የሆነ ነገር የለውም፣ ከዓለም ሁሉ የተመኘው ባህር ማየት ብቻ ነው፤ እስቲ አሁን ይህ ይከለከላል ወይ አሉ።

ይህን ሲሉ እኔ ኮቴን ማየት ጀመርኩ። ለካ ያውቁ ነበር። ለእሳቸው ስለ ባህር ነግሬአቸው አላውቅም፤ በሰፈር ግን የማይታወቅ ምን አለ?

ቆንስሉ ተርጓሚዋን አዳመጠና፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ባይመለስስ አለ። ሐጂ ሱልጣን ፈገግ አሉ። እኛ አለን፣ ሱቄ የትም አይሄድም፣ መጥተው እኛን ይያዙን አሉት። ቆንስሉ ራሱን ነቀነቀ፤ በሕጉ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። ለውሳኔው ጥቂት ቀን እንደሚያስፈልግ፣ እስከዚያው ግን እባካቸው እንዲቀመጡ ለመነ። ራሱ ወንበር ስቦ ለባላምባራስ አቀረበ።

ባላምባራስ ወንበሩን በከዘራቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉትና፣ እኔ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ወፍራም ድምፅ አወጡ።

«ሄዶ እስኪመለስ እዚሁ እንቆማለን።»

ሜሮን ተረጎመች። ቆንስሉ የባላምባራስን ጉልበት አየ፤ ከረጅም መቆም የተነሳ ከዘራውን ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። ወደ እኔ ዞሮ እነዚህ ሰዎች አባቶችህ፣ አጎቶችህ ናቸው ወይ አለኝ። አይደሉም፣ ጎረቤቶቼ ናቸው አልኩ። ጎረቤቶች ብሎ ደገመው። አዎ፣ ጎረቤቶች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አፍሬባቸው ነበር። የሚጠብቅህ ሰው አለ ወይ ስባል በመስኮቱ በኩል የለኝም ያልኩትን ሁሉ ታስታውሳላችሁ? ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ቤት የለኝም። እነሱን አልቆጠርኳቸውም ነበር። አሁን ቆመው ሳያቸው ግን አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ ኮቱ የተውሶ ባይሆን በእጅጌው እጠርግ ነበር።

ቆንስሉ ፓስፖርቴን ይዞ ገባ። ብዙም አልቆየ። ሲወጣ ለመሄጃም ለመመለሻም ፈቅዷል። ሜሮን ብድግ ብላ በአዳራሹ ፊት «ተፈቅዷል! ይቀመጡ አባቶቼ!» አለች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አዳራሹም አብሮ ሲቀመጥ ግድግዳው የተናደ ያህል ድምፅ አሰማ፤ ጥበቃው ሮጦ መጣ። ጋሽ መንገሻ ቆንስሉን አስጎንብሰው መረቁት። ወንበርህ ይጽና፣ ዘርህ ይብዛ፣ እናትህ ትይህ አሉት። ሐጂ ሱልጣን መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሜሮን በጎኑ ሆና አሜን በል ትለዋለች፤ «አሜን» ይላል ልጁ፣ ጆሮው ደም መስሎ። ስንወጣ ያ ነጋዴ የሐጂ ሱልጣንን እጅጌ ይዞ ለእሱም ጉዳይ ትንሽ እንዲቆሙለት ሲለማመጥ ትቼው ነው የሄድኩት።

እንግዲህ በረርኩ! ደመናን ከላይ አየሁት፤ ለካ ከላይ ሲያዩት የበለጠ ያምራል። በዚያች እቀርባለሁ ተብሎ በተፈራባት አገር አድሬ ወጣሁ። ዝናብ ነበር፤ ዳቦው ደረቅ ነበር። ሰው እዚህ ለመቅረት የሚጋደለው ለምን ይሆን እያልኩ፣ ማንም «ግባ» ሳይለኝ፣ ማንም «ምነው ቶሎ ሄድክ» ሳይለኝ ደንበኛ ማለፍ አለፍኩ።

ከዚያ ባህሩ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሻንጣዬን ሆቴሉ በር ላይ ጥዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ማዶ የለውም! እውነት ነው፣ ማዶ የለውም! ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቅልዬ ገባሁ። ማዕበሉ መጣ፣ ተነሳ፣ ልክ እኔ በጠመኔ እንደምስለው ጎብጦ ተሰበረና እስከ ወገቤ አበሰበሰኝ። ቀመስኩት። ጨው ነው! ስንት ዓመት ሙሉ ጨው ነው ብዬ አስተምሬአለሁ፤ ለካ ስዋሽ አልኖርኩም! «ጨው ነው! ጨው ነው!» እያልኩ በአማርኛ ጮህኩ። ኮኮናት የምትሸጥ አንዲት ሴት አጨበጨበችልኝ። አለቀስኩም፤ በዚያ ሁሉ ጨው ውሃ መሐል የእኔን ማን ይለየዋል? ከስብሰባው ምን እንደተማርኩ ከጠየቃችሁኝ ግን እዚያ ጋ ባታስጨንቁኝ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ቀን ላይ ሐሳብ መጣልኝ። አንድ የውሃ ፕላስቲክ ገዛሁ፣ ውሃውን ደፋሁና ባህር ሞላሁበት። እያንዳንዱ ተማሪ ጠብታ ጠብታ ይቀምሳል። ሽማግሌዎቹም ይቀምሳሉ። ሻንጣዬ ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ ቀበርኩት። እንደዚያው ቢቀመጥ ኖሮ እስከ ቦሌ ድረስ ማንም ሳያየው ይገባ ነበር።

በመመለሻዬ ግን፣ ያ በስንት ሽምግልና የተገኘ ቪዛ ስላለኝ፣ ሻንጣዬ ተሰጠኝና ከተማ ገብቼ አደርኩ። ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። ፕላስቲኩን አወጣሁት፣ በመብራት አየሁት፣ ነቀነቅኩት፤ ትንሽ ማዕበል ሠራ። ሻንጣ ይጠፋል፤ ባህር ቢጠፋ ማን ይተካልኛል ብዬ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግኩት። ጠዋት ፍተሻው ላይ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ ፕላስቲኩን አንስቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ባህር ነው አልኩት። ምን አልክ አለኝ። ውቅያኖስ ነው፣ አትላንቲክ ነው፣ ለተማሪዎቼ ነው አልኩት። ፈሳሽ ይዞ ማለፍ አይቻልም፣ ወይ እዚሁ ጠጣው ወይ ይጣላል አለኝ። እመኑኝ፣ ሞከርኩ። ከአንድ ጉንጭ በላይ አልሄደም። ሰውዬው ፕላስቲኩን ተቀብሎ የጥርስ ሳሙናና የሽቶ ጠርሙስ የተከመረበት በርሜል ውስጥ ወረወረው። አገሬ ባህር ካጣች ወዲህ ለባህር ይህን ያህል ቀርባ አታውቅም ነበር። መተላለፊያ የተፈቀደው ለእኔ እንጂ ለባህሩ አልነበረም።

ቂርቆስ ገብቼ እትዬ አስካለ ግቢ ስደርስ ሦስቱም ተሰብስበው ይጠብቁኛል። ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጨውነቱ ስነግራቸው ሐጂ ሱልጣን «ሱብሐነላህ» እያሉ ጭናቸውን መቱ። በመጨረሻ ስለ በርሜሉም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጋሽ መንገሻ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በጥፋቱ እንደሚገሠጽ ልጅ አዩኝ።

«ጥፋቱ ያንተ ነው» አሉ። «ለአንድ ሌሊት አዳር ሦስት ሽማግሌ ያስፈለገህ ሰው፣ ባህር የሚያህል ነገር ብቻህን ይዘህ ትመጣለህ?»